ጣራ ላይ የቆመው ጃፓናዊ

በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ እሁድ ከሰዓት እንዲህ ነበር። ታላቅ ወንድም ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን እንጨት በሁለት እጁ ይዟል። እናት በራፉ ላይ ቆማለች። ታናናሾቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለዋል። «መጣ!» ይላሉ ከውስጥ። እናት ድምፁን ተቀብላ ወደ ላይ ታስተላልፋለች፤ «መጣ ይላሉ! ተው፣ እንዳትነካው!» ልጁ እጁን ከእንጨቱ ላይ ሲያነሳ ምስሉም አብሮት ይሄዳል። «ሄደ! ቅድም የነበረው ይሻላል፣ ልጄ። ትንሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው!» ጎረቤት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ምክር ይጨምራል። ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው፤ ጣራው ላይ ያለው ግን ምስሉን አያይም።

ይህ ሁሉ ድካም የሚፈስበት ዕቃ የዓሣ አጥንት የመሰለ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ብዙ ሰው «አንቴና» ብሎ ያልፈዋል እንጂ የራሱ ስም አለው። ኢንጂነሮች «ያጊ-ኡዳ» ይሉታል። ያጊም ኡዳም የሰው ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ጃፓናውያን ናቸው። የዚህ አንቴና ታሪክ ታዲያ የቴክኒክ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ አገር የገዛ ልጆቿ ያገኙትን ዕውቀት ሳታስተውለው ቆይታ፣ በመጨረሻ ከጠላቷ ማስታወሻ ደብተር ላይ ያነበበችበት ታሪክ ነው።

ሂዴትሱጉ ያጊ እ.ኤ.አ. በ1886 በኦሳካ ተወለዱ። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው ከጨረሱ በኋላ ወደ አውሮፓ ተላኩ። ጀርመን ውስጥ ከባርክሃውዘን፣ እንግሊዝ ውስጥ ከፍሌሚንግ ጋር ሠሩ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግረው በሃርቫርድ ቆዩ። በዘመኑ የሬዲዮ ሳይንስ የሚፈልቅባቸውን ምንጮች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ቀምሰዋል ማለት ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1919 በሰሜን ጃፓን በምትገኘው ሴንዳይ ከተማ፣ በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ሴንዳይ ቶኪዮ አይደለችም። ከማዕከሉ ራቅ ያለች የክፍለ ሀገር ከተማ ናት። ለምርምሩ ከረዱት አንዱ የአካባቢው ባለጸጋ ባለርስት ቤተሰብ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ያጊ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ገንዘብ፣ በ1896 የተወለዱትን ወጣት ተመራማሪ ሺንታሮ ኡዳን ይዘው አጫጭር የሬዲዮ ሞገዶችን ማጥናት ጀመሩ።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል። ሬዲዮ ሞገድ እንደ ሻማ ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ማነጣጠር ይቻላል ወይ?

መልሱ የተገኘው ምንም ገመድ ያልተገናኘበት ተራ የብረት ዘንግ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች እንደተረዱት፣ ከአንቴናው አጠገብ ዝም ብሎ የቆመ ብረት እንኳ ዝም ብሎ አይቆምም። የሚያልፈውን ሞገድ ይቀበልና መልሶ ይረጨዋል። ዘንጉ ከዋናው አንቴና ጥቂት ረዘም ካለ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጥቂት አጠር ካለ ደግሞ ሞገዱን ወደ ራሱ ስቦ ወደፊት ይመራዋል። ስለዚህ ከኋላ አንድ ረዥም ዘንግ፣ መሐል ላይ ገመድ የተያያዘበት ዋናው ዘንግ፣ ከፊት ደግሞ በልክ የተደረደሩ አጫጭር ዘንጎች ሲቆሙ ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበሰባል። ለማሰራጨት የሚሠራው ሕግ ለመቀበልም ይሠራል። ይኸው ነው የዓሣ አጥንቱ ምስጢር። ከእነዚያ ሁሉ ዘንጎች መካከል ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ የሚገናኘው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ አጃቢዎች ናቸው፤ ያለ አጃቢዎቹ ግን ያ አንዱ ደካማ ነው።

የጣራው ላይ ልጅ እጁን ሲያነሳ ምስሉ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንቴናውን ይዞ የቆመው ልጅ ሳያውቀው ከዘንጎቹ እንደ አንዱ ሆኖ ነበር። እሱ ሲወርድ አንቴናው አንድ አካሉን ያጣል።

እ.ኤ.አ. 1926 ለዚህ ታሪክ ትልቅ ዓመት ነው። በጥር ወር ጆን ሎጊ ቤርድ ለንደን ውስጥ ቴሌቪዥኑን ለሳይንቲስቶች አሳየ። በዚያው ዓመት ኡዳ ስለ አዲሱ አንቴና ማተም ጀመሩ፤ በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት 11 ጽሑፎችን በጃፓንኛ አወጡ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኬንጂሮ ታካያናጊ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ሃማማትሱ በምትባል ከተማ አንዲት የጃፓንኛ ፊደል በመስታወት ቱቦ ላይ በኤሌክትሮን ጨረር አሳየ። ምስሉም፣ ምስሉን ከአየር ላይ የሚለቅመው ዘንግም በአንድ ዓመት ብቅ አሉ። ሁለቱ ጣራ ላይ እስኪገናኙ ግን ገና ብዙ ዓመታትና አንድ ትልቅ ጦርነት ይቀሩ ነበር።

በ1928 ያጊ ወደ አሜሪካ ሄደው ሥራውን በእንግሊዝኛ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በታዋቂው የሬዲዮ ኢንጂነሮች መጽሔት ላይ አሳተሙት። በጽሑፉ የኡዳን ድርሻ አልሸሸጉም። ዓለም ግን ያነበበው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ፣ ያየውም የያጊን ስም ነበር። የፓተንቱ ባለቤት ሆነው የተመዘገቡት ያጊ ብቻ ናቸው፤ የአሜሪካው መብት አርሲኤ ለተባለው ኩባንያ ተላለፈ። በጃፓንኛ የተጻፉት 11 ጽሑፎች ከደሴቲቱ ብዙም አልወጡም። ስለዚህ «ያጊ» የሚለው ስም ዓለምን ሲዞር፣ ሌት ተቀን የለኩት የኡዳ ስም ወደ ኋላ ቀረ። ዕውቀትን በራስ ቋንቋ መጻፍ ኩራት ነው፤ የሚያሻግረው ሰው ካልተገኘ ግን የጻፈው ሰው ከነሥራው ይዋጣል።

ይህ የመጀመሪያው በደል ነው። ሁለተኛው ግን ይብሳል።

አሜሪካና እንግሊዝ ነገሩን በቁም ነገር ሲይዙት፣ በገዛ አገሩ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። ኡዳ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሳካታ ወደብ እስከ ቶቢሺማ ደሴት፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አሻግረው ድምፅ በማስተላለፍ አንቴናው ከቤተ ሙከራ ውጭ እንደሚሠራ አሳይተዋል። የጃፓን ጦር ግን ዓይኑን ወደዚያ አላዞረም። በባሕር ኃይሉ ዘንድ የነበረው አስተሳሰብ በውጊያ መሐል ሞገድ መልቀቅ በጨለማ ውስጥ ፋኖስ ይዞ እንደ መሄድ ነው፣ ጠላትን ከማየት በፊት ለጠላት መታየት ነው የሚል ነበር። በዚያው ዘመን እንግሊዞች የጠላት አውሮፕላንና መርከብ በሞገድ የሚታይበትን ራዳር እየሠሩ ነበር። ከአውሮፕላን ላይ መርከብና ሰርጓጅ ለማደን የተጠቀሙበት ኤኤስቪ ማርክ 2 የተባለው ራዳር የያጊ አንቴናዎችን የተሸከመ ነበር። የሞገዱ ርዝመት 1.7 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በኋላ ዘመን በየጣራው ከተሰቀሉት የቴሌቪዥን አንቴናዎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ያህል ይመሳሰሉ ነበር።

የካቲት 1942። ሲንጋፖር በጃፓኖች እጅ ወደቀች። ድል አድራጊዎቹ ከተያዘው ንብረት መካከል የራዳር መሣሪያና አንድ እንግሊዛዊ የራዳር ባለሙያ ወታደር በእጁ የጻፈውን ማስታወሻ አገኙ። ማስታወሻው ወደ ጃፓን ተልኮ ሲመረመር አንድ ያልተፈታ ቃል ተደጋገመባቸው። «ያጊ» ይላል። የምን ምኅጻር ነው? የምስጢር ስም ይሆን? ቃሉን እንዴት እንደሚያነቡት እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። ታሪኩ እንደሚነገረው ምርኮኛውን ወታደር አስቀርበው ጠየቁት። እሱም መጀመሪያ የሚያሾፉበት መስሎት ተገረመ፤ ቀጥሎም ያጊ ማለት አንቴናውን የፈለሰፈው ጃፓናዊ ፕሮፌሰር ስም መሆኑን ነገራቸው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል የአገራችን ሰው። ወርቁ ወርቅ መሆኑን የነገራቸው ምርኮኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ሊደርሱበት ሮጡ። በ1944 መጨረሻ ያጊ ራሳቸው የአገሪቱን ቴክኖሎጂ በሚመራው መሥሪያ ቤት ላይ ተሾሙ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የተጣለው የአቶሚክ ቦምብ ከመሬት 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ፣ ከፍታውን የሚለኩ ትናንሽ ራዳሮች ተገጥመውለት ነበር። የእነዚያ ራዳሮች አንቴናዎች በቦምቡ ቆዳ ላይ የተተከሉ ያጊዎች ናቸው። ሴንዳይ ላይ የተወለደው ዘንግ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚህ መልክ ነው።

ሰላም ሲመጣ ዘንጉ ወደ ጣራ ወጣ። የጃፓን ቴሌቪዥን በየካቲት 1953 ሥርጭት ሲጀምር የዓሣ አጥንቱ በየቤቱ አናት ላይ በቀለ። ያጊ በስማቸው የሚጠራውን የአንቴና ኩባንያ መሩ፤ በ1956 የአገሪቱን ከፍተኛ የባህል ሽልማት ተቀበሉ። ኡዳ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒው ዴልሂ ሄደው በሕንድ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠሩ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1976 አረፉ። የኢንጂነሮች መጻሕፍት ዛሬ «ያጊ-ኡዳ» ብለው ሁለቱን አጣምረው ይጽፋሉ፤ የሱቅና የሰፈር አፍ ግን አሁንም ያጊ ብቻ ይላል።

ይህ ዘንግ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የጥቂት ሹማምንትና ባለሀብቶች ጌጥ ነበር። አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ቀለም መጣ፤ ቀስ እያለም ቴሌቪዥን ወደ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሳሎን ገባ። የቆርቆሮ ጣራውም በዘንግ ተሞላ። በአንድ ሰፈር አንቴና ያለበት ቤት ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ ልጆችም የእሁዱን መዝናኛና የኳሱን ጨዋታ የት ቤት ሄደው እንደሚያዩ ጣራ እያዩ ይመርጡ ነበር።

ይህ ትውልድ ስለ ሞገድ ማንም ሳያስተምረው በሙከራ ብዙ ነገር አውቋል። ያወቀውን ነገር ምክንያቱን ቢጠይቅ ግን ድካሙ በግማሽ በቀነሰለት ነበር።

አንቴናው ለምን ከቤት ውጭ ይሻላል? መልሱ ከራስ በላይ ያለው ክዳን ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ሞገድንም ይመልሳል። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ የሚቀመጠው ባለሁለት ቀንድ አንቴና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያገኘው በመስኮትና በግድግዳ ሾልኮ የገባውን ፍርፋሪ ነው። ከጣራው በላይ የወጣው ግን ከዋናው ማዕድ ይቋደሳል።

ለምን ከፍ ማለት አለበት? የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ዓይን በሚያይበት መንገድ፣ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። በሜዳ ላይ ከ4 ሜትር ከፍታ የሚያይ ዓይን አድማሱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ9 ሜትር ላይ ግን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሬዲዮ ሞገድ ከዚህ ጥቂት ራቅ ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አንድ ረዘም ያለ እንጨት ከአንድ ውድ አንቴና የበለጠ የሚሠራበት ጊዜ አለ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ኮረብታማ ከተማ ደግሞ ከሸለቆ ውስጥ ያለ ቤትና ከአፋፍ ላይ ያለ ቤት በአንድ ሰፈር እየኖሩ የተለያየ ቴሌቪዥን ያያሉ።

ያ ከምስሉ አጠገብ የሚቆመው ጥላስ? በአሮጌው ቴሌቪዥን ዜና አንባቢው አንዳንዴ መንትያ ይሆን ነበር። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት ወደ ጠጋኝ ቤት ይወስደው ነበር። ጥፋቱ ግን የቴሌቪዥኑ አልነበረም። አንዱ ሞገድ ከማሰራጫው ቀጥታ ይመጣል፤ ሌላው ከተራራ ወይም ከፎቅ ተንጸባርቆ ዘግይቶ ይደርሳል። የተንጸባረቀው 300 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ከሄደ የሚዘገየው የሰከንድን አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ግን ይህ ጥላውን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። መድኃኒቱ የያጊና የኡዳ ሥራ ነው፦ ከፊቱ የሚሰማ፣ ከጎኑና ከኋላው ለሚመጣው ጆሮ የማይሰጥ አንቴና። አጫጭሮቹ ዘንጎች ወደ ማሰራጫው፣ ረዥሙ ወደ ኋላ። ብዙ ቤት ላይ ግን አንቴናው ፊቱን አዙሮ፣ ጀርባውን ለማሰራጫው ሰጥቶ ለዓመታት ቆሟል። የትኛው ፊቱ፣ የትኛው ጀርባው እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሌላው ሌባ ገመዱ ነው። ጠፍጣፋው ባለሁለት ሽቦ ገመድ በቆርቆሮው ላይ ተጋድሞ ሲወርድ አንቴናው የለቀመውን ሲግናል ብረቱ ይበላበታል፤ ከጣራው ራቅ ተደርጎ መታሰር ነበረበት። ክቡን ገመድ ደግሞ በተቆረጠበት በኩል ውኃ ይገባዋል። በሁለት ክረምት የዛገ መገጣጠሚያ አዲስ አንቴና ቢገዙለትም አይድንም። ምሰሶውን ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ ማገናኘት ደግሞ ለምስል ሳይሆን ለነፍስ ነው፤ መብረቅ ከፍ ያለ ብረት ይወዳል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ያ አንድ ገጽ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር ወደ ብዙ ቤት አልደረሰም። ስለዚህ ሕዝቡ የድስት ክዳን ሰቀለ፤ የብስክሌት ጎማ ክብ ብረት ሰቀለ፤ የቆርቆሮ ቁራጭ አሰረ። አንዳንዱ ሠራለት። ሲሠራለት ለምን እንደሠራ አያውቅም፤ ሲበላሽበትም ለምን እንደተበላሸ አያውቅም። መሣሪያ ያለ ዕውቀቱ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ሰው ብልኃተኛ ይሆናል፤ ብልኃቱ ግን ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው ጣራ አይሻገርም።

በኋላ የሳተላይት ዲሽ መጣና የዓሣ አጥንቱን ከጣራ አወረደው። ብዙው ለቆርቆሮ ሰብሳቢ በኪሎ ተሸጠ፤ አንዳንዱም የልብስ ማስጫ ገመድ ማሰሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ ዘመኑ ጨርሶ አላለፈም። አፍሪካንና አውሮፓን ያካተተው የ2006 የጄኔቫ ስምምነት አገሮች ምድራዊውን የቴሌቪዥን ሥርጭት ከአናሎግ ወደ ዲጂታል እንዲያዞሩ መንገድ አስይዟል። ዲጂታሉም የሚለቀመው በዚያው በአሮጌው ዘንግ ነው። ልዩነቱ ምሕረት የሌለው መሆኑ ነው። አናሎግ ሲደክም በነጠብጣብና በጥላ መሐልም ቢሆን ያሳይ ነበር፤ ዲጂታል ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል ወይ ጭራሹን ይጠፋል። ስለዚህ የአንቴናው አቅጣጫ፣ ከፍታና ገመድ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ዋጋ አላቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በአየር ላይ በነጻ የሚሰራጭ ቴሌቪዥን ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አብሮ አይቋረጥም። ይህን ጥቅም በቅርብ ዓመታት ኢንተርኔት ሲጠፋበት የሰነበተ አካባቢ ነዋሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከያጊና ኡዳ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ጃፓንን ለመውቀስ አይደለም። ጃፓን ከስህተቷ ተምራለች፤ ከጦርነቱ በኋላ የሆነችውን ዓለም አይቷል። ጥያቄው የኛ ነው። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ስንት ነው? ከተፈረመ በኋላ ማን ገለጠው? አንድ መሥሪያ ቤት ችግር ሲገጥመው አማካሪ ከውጭ በዶላር ከመቅጠሩ በፊት፣ ያንኑ ችግር ለሁለት ዓመት ያጠናች ልጅ ሦስት ፌርማታ እልፍ ብሎ እንዳለች ይጠይቃል ወይ? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የተጻፈውንስ ወደ ዓለም፣ ከዓለም የመጣውንስ ወደ እኛ የሚያሻግር ማን ነው? ኡዳ ያጊ የሚባል አሻጋሪ ነበራቸው፤ ለዚያውም ስማቸው ወደ ኋላ ቀርቷል። አሻጋሪም የሌለው ምን ይሁን?

ሞገዱ ከሰማይ አልጠፋም። ያ ልጅ ጣራው ላይ ሲደክም በዋለበት ሰዓት ሁሉ ምስሉ በአናቱ ላይ ያልፍ ነበር። የጎደለው አንቴናውን ወደ ምንጩ ማዞር ብቻ ነበር።

የጃፓን ጦርም የሚፈልገው መልስ ባሕር ማዶ አልነበረም። «ያጊ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ምርኮኛ ከመጠየቅ፣ ለ16 ዓመት ሴንዳይ ላይ ተቀምጦ የነበረውን መጽሔት ገልጦ ማንበብ ይቀል ነበር።